ከባንኮኒው ወዲያ

የደም ግፊት መለኪያው ማሰሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ከልደት ክንድ ላይ ተላቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ነርሱ ፋራህ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ክንዷን አየ፤ እንደገና ማሰሪያውን አየ። ጥፋቱ የማሰሪያው ቢሆን ደስ የሚለው ይመስላል።

“ይሄ የልጆች ነው” አለ በመጨረሻ። “የአዋቂ ላምጣ።”

ልደት ሳቀች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሚያሳፍራት ነገር ሰው ከመሳቁ በፊት ቀድማ መሳቅን ትምህርት ቤት ተምራለች። እናቷ ቀለምወርቅ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ፌስታል አጥብቃ ያዘች። ፌስታሉ ውስጥ ሁለት እሽግ ብስኩትና አንድ የማንጎ ጭማቂ አለ። ደም የሚቀዳው በባዶ ሆድ ነው ስለተባለ ልጅቷ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። እናትየዋም አልቀመሰችም። ልጇ ሳትበላ ቀለምወርቅ በልታ አታውቅም፤ ይህንንም ከእናትነት ወግ ትቆጥረዋለች እንጂ ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም።

ፋራህ ትልቁን ማሰሪያ ይዞ ተመለሰ። ለካ። በሌላኛው ክንዷ ደግሞ ለካ። ካርዱ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈና “ዶክተሯ ትነግራችኋለች” አለ። አነጋገሩ ለቀለምወርቅ አልጣማትም። ደህና ነገር ቢሆን ራሱ በነገራት ነበር።

እዚህ ያመጣቸው የትምህርት ቤት ደረጃ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ልደት ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስትወጣ ዓይኗ ጨለመባትና ግማሹ ላይ ቁጭ አለች። መምህሯ “ሐኪም ይያት” የሚል ወረቀት ላከች። ቀለምወርቅ ወረቀቱን ለአንድ ሳምንት ከሱቋ የገንዘብ መሳቢያ ሥር አቆየችው። ልጇ ታማ አታውቅማ! ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጉንጯ ቀይ ነው። የከሳ ልጅ ነው የሚታመመው።

ደሙ እንደተቀዳ ጥጡ ከክንዷ ሳይነሳ ጭማቂውን ከፍታ አቀበለቻት።

“ያዢ፤ ደምሽን ጨረሱት እኮ! በሞቴ ጠጪ።”

ልደት በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው፤ ብስኩቱንም አስከተለች።

ውጤት የሚጠበቀው ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። የጅግጅጋ ነፋስ በተሰበረው መስኮት አቧራውን ይዞ ይገባል። አጠገባቸው ከአውበሬ በኩል የመጣች አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የሕፃኑ እግር ከአውራ ጣት ብዙ አይወፍርም። ሴትዮዋ ልደትን ከላይ እስከ ታች አየቻትና “ማሻአላህ” አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። ቀለምወርቅም እንደ ሁልጊዜው ደረቷ ተነፋ። ባል ጥሏት የሄደ ሴት፣ ሱቋ የተዘረፈባት ሴት፣ ዘመድ በሌለበት አገር ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ይቺ ናት። ሌላ የምታሳየው ነገር የላትም።

ዶክተር ሂባቅ ወጣት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ ልደትን ወደ ራሷ ጠራቻት።

“ሻርፕሽን ላውርደው?”

ልደት እናቷን አየች። ሻርፑን ያስለመደቻት እናቷ ናት። ሐኪሟ ስታወርደው የልጅቷን አንገት ዙሪያውን የያዘ የጠቆረ ቀለበት ታየ፤ በጥቁረቱ ላይ ደግሞ ገና ያልሻረ የተላጠ ቁስል አለ።

“ይሄ ለምን ተላጠ?”

የቀለምወርቅ ፊት ጋለ። “እድፍ ሆኖ እምቢ ብሎኝ ነው ዶክተር። በሳሙና አሸዋለሁ፣ በሎሚ አሸዋለሁ፣ አይለቅም። ሰው እናት የላትም እንዳይላት ብዬ…”

“እድፍ አይደለም” አለች ዶክተር ሂባቅ በቀስታ። “ከውስጥ የመጣ ነው። ሰውነቷ ስኳሩን በቦታው ለማድረግ ከአቅሙ በላይ ሲደክም ቆዳዋ እንዲህ ይጠቁራል። ቢያሹት አይለቅም። ማሸቱ የሚጠቅመው ነገር የለም።”

“እድፍ አይደለም?” አለች ልደት።

“አይደለም የኔ ቆንጆ። አንቺ ንጹህ ነሽ።”

ልጅቷ ወደ እናቷ አልዞረችም። ቀለምወርቅ ከዚያ ቀን ንግግር ሁሉ የበለጠ የቆረጣት ይህ ነው። በየቅዳሜው ልጅቷ በመታጠቢያ ገንዳው ላይ አጎንብሳ “እማ ያቃጥላል!” ስትላት “ዝም በይ፤ ቆሻሻ ይሻልሻል?” ያለቻት ታወሳት። ስንት ቅዳሜ እንደሆነ ለማስታወስ አልደፈረችም።

ሐኪሟ ወረቀቱን እያሳየች በሚገባት ቋንቋ አስረዳች። ክብደቷ ሰባ አንድ ኪሎ ነው። ስኳሯ ገና በሽታ አልሆነም፤ መንገዱን ግን ይዟል። ጉበቷ ላይ ስብ አለ። በደሟ ውስጥ ብግነት የሚባለው ምልክትም ከፍ ብሏል።

“ብግነት ማለት ቁስል ነው?”

“ቁስል ቢሆን ያዩት ነበር። ነበልባል ሳይኖረው የሚጤስ ከሰል የለም? እንደዚያ ነው። አያሳምማትም፤ አታለቅስም፤ ግን በየቀኑ የደም ሥሯን ከውስጥ ይለበልበዋል። የደም ግፊቷ ከእኔ ይበልጣል የልደት እናት። እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። እንዲህ ከቀጠለ በእኔ ዕድሜ ልቧ የአሮጊት ልብ ይሆናል።”

“መድኃኒቱን ይጻፉልኝ። እዚህ ከሌለ ከድንበር፣ በወጃሌ በኩል አስመጣለሁ። ከየትም ብዬ!”

“ለጊዜው መድኃኒት አልሰጣትም። ቀኗን ይንገሩኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ምን ታደርጋለች?”

“ሱቅ እኔ ጋ ትቀመጣለች።”

“ከዚያስ?”

“ትቀመጣለች።”

“ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው?”

“ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ግን ኮንትራት ባጃጅ አላት፤ በር ላይ ወስዶ በር ላይ ያመጣታል።”

“ሃያ ደቂቃ ለምን በባጃጅ?”

ቀለምወርቅ ፌስታሉን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። ዶክተር ሂባቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ያኔ እዚህ ነበራችሁ?” አለቻት። የትኛው ያኔ እንደሆነ በዚህ ከተማ የሚጠይቅ የለም።

“ነበርን።”

“እኔም ነበርኩ።” ሐኪሟ ወረቀቱን አጣጠፈች። “በየቀኑ አንድ ሰዓት ትንቀሳቀስ። ትሩጥ፣ ትጫወት። ጭማቂና ለስላሳ ይቅር፤ ብስኩትም ይቅር። ሳትራብ አትብላ። በሦስት ወር ተመልሳችሁ ኑ።”

“እኔ ሱቅ ዘግቼ የት ወስጄ ላራምዳት ዶክተር?”

“እርስዎ አይደሉም የሚራመዱት። እሷ ናት።”

የባጃጁ ነጂ ዐብዲናስር እስከ ሱቁ በር አደረሳቸው። ልደት ሻርፑን አጣጥፋ እጇ ላይ ይዛዋለች፤ አንገቷን ነፋስ ሲመታው ታያለች ቀለምወርቅ።

ያኔ የተባለው እንዲህ ነው። በ2010 ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከተማዋ ድንገት ታመሰች፤ ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ቤትና ሱቅ ይዘረፍ፣ ይቃጠል ጀመር። ቀለምወርቅና ባሏ አሥራት የአራት ዓመቷን ልደትን አቅፈው በጓሮ በኩል ጎረቤታቸው ደሃቦ ቤት ገቡ። ደሃቦ የግመል ወተት ነጋዴ ናት፤ ሰፊ ሴት፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚሰፋ። በሯ ላይ ዱካ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። የመጣውን ሁሉ በሶማልኛ እየሰደበች መለሰችው። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ከዚያ ዱካ አልተነሳችም። እነ ቀለምወርቅ ሲወጡ ሱቃቸው ውስጥ የቀረው ሚዛኑ ብቻ ነበር፤ እሱም ተሰብሯል።

አሥራት በዓመቱ “አዲስ አበባ ቤት አይቼ እጠራችኋለሁ” ብሎ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ በየቀኑ ደወለ፤ ከዚያ በሳምንት፤ ከዚያ ለበዓል። በኋላ ሌላ ልጅ መውለዱ በሰው በኩል ተሰማ። ቀለምወርቅ ሱቋን ከዜሮ ጀምራ አቆመች፤ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት፣ ብስኩት፣ ጭማቂ። ልጇንም ከባንኮኒው ጀርባ፣ እጇ በሚደርስበት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት።

ከተማዋ ከዳነች ቆይታለች። የተቃጠለው ተሠርቷል፤ የሸሸው ተመልሷል፤ ሠርግ ይደገሳል፤ ሕንፃ ይወጣል። ቀለምወርቅ ግን አልዳነችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ልጆች በኳስ ሲጯጯሁ፣ እጇ ቀድሞ ልደትን ይፈልጋል። በርጩማው ላይ ካገኘቻት ትረጋጋለች። ልጅቷም ከመሰላቸት ብዛት የደረሰችበትን ትበላለች። ስትበላ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል እናቷ ሰላም ታገኛለች። እንዲህ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። አምና የባንኮኒው መግቢያ ለልጅቷ ሲጠባት ቀለምወርቅ አናጢ ጠርታ አንድ ስንዝር አስቆረጠችው። ያን ቀን እንጨቱ ነው የጠበበው ብላ ነበር። አናጢውም ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ እንጂ ምን ይበል?

ሱቁን እንደከፈተች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የብስኩቱን መደርደሪያ ማውረድ ጀመረች። ከልደት በርጩማ አጠገብ ያለውን ሁሉ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ልትሰቅል ነው። ንዴት ነው የሚያሠራት፤ በማን እንደተናደደች ግን ገና አልለየችም። የዱቄት ወተቱን ካርቶን ስታነሳ ከጀርባው አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። የብስኩት ወረቀት ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ በጣት እየተስተካከለ፣ እየተጣጠፈ፣ በስርዓት የተደረደረ ወረቀት፣ ግድግዳው ድረስ።

“ልደት!”

ልጅቷ ከበርጩማዋ ተነሳች።

“ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ከእኔ የምትደብቂው? ብዪ ብዬ የምለምንሽ እኔ አይደለሁም? ምን አጎደልኩብሽና ነው እንደ ሌባ የምትበዪው?”

“ርቦኝ አይደለም።”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?”

“ሲደብረኝ።” ልደት ጣቶቿን ታያለች። “ልጆቹ በደጅ ሲያልፉ።”

ቀለምወርቅ የምታውቀውን አደረገች፤ ጠዋት ሠርታ የሄደችውን ሽሮ አሞቀች፤ እንጀራ ዘረጋች፤ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሰዓቱ ከዘጠኝ አልፏል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስላልበላች ራሷን እያዞራት ነው።

“ነይ ትንሽ ቅመሺ። ሽሮ እንኳ አልተከለከልሽም።”

“ጠግቤያለሁ እማ። ብስኩቱን በላሁ እኮ።”

ቀለምወርቅ የሳህኑን ክዳን አንስታ መልሳ ገጠመችው። አስባበት አይደለም፤ እጇ ነው ያደረገው።

“አየሽ?” አለች ልደት።

“ምኑን?”

“እኔ ካልበላሁ አትበዪም። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።” ልደት ወደ ባንኮኒው ቀረበች። “ትምህርት ቤት ምሳዬን በልቼ እመጣለሁ። አንቺ ሳህን ይዘሽ ትጠብቂኛለሽ። ጠግቤያለሁ ስልሽ ክዳኑን ትገጥሚዋለሽ። ስለዚህ እበላለሁ። አባባ የሄደ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልበላሽም። እኔ አስታውሳለሁ። ደሃቦ ሩዝ አመጣች፤ እኔ አንድ ጊዜ ስጎርስ አንቺም ጎረስሽ። እኔ ሳቆም አንቺም አቆምሽ።”

“አምስት ዓመትሽ ነበር” አለች ቀለምወርቅ።

“አስታውሳለሁ” አለች ልደት።

ቀለምወርቅ የልጇን በርጩማ ስባ ተቀመጠችበት። ከዚያ ዝቅታ ሱቁን አይታው አታውቅም። ባንኮኒው ግንባሯ ድረስ ይመጣል፤ በመግቢያው ሥር ከባንኮኒው ወዲያ የሚታየው አንድ ክንድ የምታህል መንገድ ናት፤ እግሮች ብቻ ይመጣሉ፤ እግሮች ብቻ ይሄዳሉ። ልጇን ከሞት እየጠበቀች መስሏት ነበር። ለካ ልጇ ናት እሷን ስትጠብቃት የኖረችው፤ ጉርሻ በጉርሻ፣ ሰባ አንድ ኪሎ እስኪሞላ።

“ቀለም! ኤ ቀለም! ሞተሻል?”

ደሃቦ ናት፤ ሁለት ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላ በሩን ሞላችው። ከኋላዋ የልጅ ልጇ ፈርሂያ ሌላ ጄሪካን በራሷ ላይ ይዛ ቆማለች። ፈርሂያ ከልደት ጋር በአንድ ክፍል ትማራለች፤ በየቀኑ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። አያትና የልጅ ልጅ በዚህ ሰዓት የሚያልፉት በደገሀቡር መንገድ ከከተማው ዳር አይሱዙ የሚያወርደውን የግመል ወተት ለመቀበል ነው።

“እዚህ ነኝ ኤዶ” አለች ቀለምወርቅ ብድግ ብላ። ኤዶ አክስት ማለት ነው። መጀመሪያ ደሃቦን አንቱ ትላት ነበር፤ ደሃቦ “እኔ ስንት ሰው ነኝ?” ብላ ከሳቀችባት ወዲህ ግን አክስትም ሆነች፣ አንቺም ሆነች።

“ዶክተር ምን አለች?”

ቀለምወርቅ ነገረቻት። ስለ ልቧ፣ ስለ ጉበቷ፣ ስለሚጤሰው ከሰል። ስለ አንገቷ ስትደርስ ቆመች፤ እንደምንም ጨረሰችው። ደሃቦ ጄሪካኖቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ሰማቻት።

“መድኃኒት የለም?”

“ትራመድ አለችኝ። መድኃኒቱ እሱ ነው አለች።”

“ሃዬ። ጥሩ። ርካሽ ነው። ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ?”

“ኤዶ፣ እንዴት እለቃታለሁ? አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሆነውን አይተሻል። አንድ ነገር ቢፈጠር፣ እኔ በሌለሁበት…”

ደሃቦ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች። ብዙውን ጊዜ ትጮሃለች፤ አሁን አልጮኸችም።

“ስሚ ቀለም። እኔ ያን ቀን ደበቅኩሽ። ሁለት ቀን ደበቅኩሽ። ሁለት! ከዚያ በሩን ከፈትኩ፣ ውጪ አልኩሽ። አንቺ ይቺን ልጅ ሰባት ዓመት ደበቅሻት። እኔ እንደዚያ አላደረግኩም። ዋላሂ፣ እኔ ለዚህ አይደለም የደበቅኩሽ።”

“ቢመጣስ?”

“ምኑ?”

“ያ ቀን።”

“አላህ አያምጣው። ቢመጣ በሬን ታውቂዋለሽ። ልጅሽም ትወቀው። ግን ከዚህ ተነስታ በእግሯ መሮጥ ትችላለች? በዚህ እግር?”

ቀለምወርቅ የልጇን እግር አየች። የፈሩት ይደርሳል ሲባል ከውጭ የሚመጣ ይመስላት ነበር። እሷ በሩን ስትጠብቅ እሱ ከውስጥ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ቀስ እያለ ይጤስ ነበር።

ፈርሂያ ጄሪካኗን ከራሷ አወረደች። “ልደት፣ ነይ እንሂድ። ለመሄድ ባዶ ነው፤ ሲመለስ ነው የሚከብደው። ሲመለስ ተራ በተራ እንይዘዋለን።”

ልደት እናቷን አየች። አልለመነችም። ለመጠየቅ እንኳ አፏን አልከፈተችም፤ ሰባት ዓመት መልሱን ስታውቀው ኖራለች። ቀለምወርቅ ያን ፊት አየችና እውነቱ ያን ጊዜ ገባት። ፍርሃቱ አለ፤ ውሸት አይደለም። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለማንም ተናግራው የማታውቀው። ልደት ከወጣች ሱቁ ባዶ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ ገዢ ሲጠፋ፣ የሚያናግራት አይኖርም። ባሏ ከሄደ ጀምሮ ያን ባዶነት በልጅ ደፍናው ኖራለች። ቀዳዳ በልጅ አይደፈንም።

ወደ መግቢያው ሄደች። አናጢው ያሰፋውን መዝጊያ ጣውላ በአንድ እጇ አነሳችው።

“ሂጂ” አለች።

ልደት አልተንቀሳቀሰችም። “እውነትሽን ነው?”

“ሂጂ አልኩሽ፤ ሐሳቤን ሳልለውጥ። ከኤዶ አጠገብ እንዳትርቂ። መኪና ተመልከቺ። ሲደክምሽ አረፍ በይ፤ አትፈሪ፣ ይጠብቁሻል።”

ልጅቷ በተነሳው ጣውላ ሥር አለፈች፤ ግን ከባንኮኒው ወዲያ ስትደርስ ዞር አለችና የተከደነውን ሳህን በጣቷ አሳየች።

“አንቺስ?”

“ስትመለሺ አብረን እንቀምሳለን።”

“አይሆንም። እኔ ስመለስ አልበላም፤ ማታ ነው የምበላው። አንቺ አሁን ብዪ።”

“እሺ፤ ይደርሳል።”

“እማ፣ በሞቴ!”

ቀለምወርቅን ብርድ ብርድ አላት። ቃሉን በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች፤ እንደ እባክሽ ነው። ከልጇ አፍ ሰምታው ግን አታውቅም፤ ያውም ዛሬ፣ ያ ሁሉ ወረቀት ከተነበበላት በኋላ።

“እበላለሁ” አለች። “እበላለሁ ልጄ። ይሄን ቃል ግን ሁለተኛ እንዳትዪ። እኔም አልልሽም።”

ሦስቱ ሄዱ። ቀለምወርቅ እስከ መንገዱ ድረስ ወጥታ ቆመች። ደሃቦ ከፊት ናት፤ ፈርሂያ ትዘላለች፤ ልደት ጄሪካኑን በእግሯ እያጋጨች ከኋላ ትከተላለች። ሃምሳ እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ቆመችና ተነፈሰች። ቀለምወርቅ ልትሮጥ እግሯን አነሳች። ፈርሂያ ተመልሳ አጠገቧ ቆመች፤ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀጠሉ። ማዕዘኑ ላይ የልደት ቢጫ ሹራብ ትንሽ ታየና ጠፋ።

ተመልሳ ገባች። ስልኳን አንስታ ዐብዲናስር ጋ ደወለች።

“ነገ ጠዋት አትምጣ” አለችው።

“ምነው፣ ልጅቷን አሁንም አሟታል?”

“የለም። ከፈርሂያ ጋር በእግሯ ትሄዳለች። ከነገ ወዲያም አትምጣ።”

“በእኔ ተቀይመሽ ነው እንዴ?”

“ኧረ የለም ወንድሜ። አንተ ምን አደረግክ?”

ስልኩን ዘጋች። ሱቁ ጸጥ አለ፤ እንደፈራችው ነው ያለው። ነፋሱ ቆርቆሮውን መታው። ያን ድምፅ ብቻዋን ስትሰማው እንባዋ መጣ፤ የሚያያት ስለሌለ አልጠረገችውም። ማዕዘኑን ለማየት ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች።

ከዚያ የሳህኑን ክዳን ከፈተች። ሽሮው ቀዝቅዟል። እጇን ታጠበች፤ ከእንጀራው ቆረሰች፤ ጠቀለለች። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ ከልምዷ ለሌላ ሰው የተጠቀለለ ነው። እጇም ከልምዱ ወደ በርጩማው ተዘረጋ፤ በርጩማው ላይ ማንም የለም። እጇ እንደተዘረጋ ጥቂት ቆየ።

መልሳ ወደ ራሷ አመጣችውና ጎረሰች። ዋጠችውና ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ ይሄኛውን በራሷ አፍ ልክ።